ትልልቅ የቪአር ተኩስ ጨዋታዎች ከአዳማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ብዙ ሰው በአንድ ሜዳ የሚሰለፍባቸውን የቪአር (ዓይን ላይ በሚደረግ ሄድሴት በሚባል መሣሪያ የሚገባበት ምናባዊ ዓለም) ተኩስ ጨዋታዎች አዳማ ላይ ሆነው ለሚጫወቱ፣ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ የሚነሱት የሌሎችን አስተያየት ካነበቡ በኋላ ነው፤ አንዱ «እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም» ይላል፣ ቀጥሎ ያለው «ገንዘቤን በላኝ» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ቅሬታ ከአራት ቦታ ይመጣል፦ ከጨዋታው፣ ከሄድሴቱ፣ ከኔትወርኩ፣ ከራሳችን ሰውነት። ከየትኛው እንደመጣ ሳይለዩ ጨዋታውን መውቀስም ማሞገስም አይቻልም።

«ትልቅ» ሲባል ስንት ሰው ነው? እንደ ፎርፍሮንት ባለ ጨዋታ 32 ሰው ያንሳል የሚሉት እውነት አላቸው?

በተራ ስክሪን 64 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚያሰልፍ ጨዋታ የለመደ ሰው 32 ሲባል ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም። የቪአር ሂሳብ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የጭንቅላቱንና የሁለቱን እጆቹን አቀማመጥ ለየብቻ ይልካል። ሄድሴቱ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ለግራና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ፣ በሰከንድ 72 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መሳል አለበት፤ ያውም ከስልክ ብዙ ባልራቀ ፕሮሰሰር።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፖፑሌሽን ዋን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 18 ሰው ነበር የሚያሰልፈው። የቤልጂየሙ ትራያንግል ፋክተሪ በ2025 መጨረሻ ያወጣው ፎርፍሮንት 16 ለ16 ነው፤ ታንክና ሄሊኮፕተርም አለው። በ2024 የወጣው ኮንትራክተርስ ሾውዳውን 60 ሰው ያሰልፋል፤ እሱ ግን የመጨረሻው ቡድን እስኪቀር የሚሄድ ጨዋታ ስለሆነ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል። ዋር ደስት ደግሞ በ2018 በኮምፒውተር 32 ለ32 ሞክሮ ነበር። ቁጥሩ አስደናቂ ነበር፤ ሰርቨሩን (ጨዋታውን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) የሚሞላ ሰው ግን ጠፋ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሰው በሜዳው ላይ ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደሚገናኝ ነው መታየት ያለበት። «ከምተኩሰው የምሮጠው ይበልጣል» የሚለው ቅሬታ ትክክል የሚሆነው በእግር ብቻ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ሜዳው የተሰፋው በመኪና ልክ ነውና። መፍትሔው ከሞቱ በኋላ ከዋናው ምሽግ መነሳትን ትቶ በሕይወት ካለ የስኳድ (የትንሽ ቡድን) ጓደኛ አጠገብ መነሳት ነው። ይህ ምርጫ በካርታው ላይ እያለ የማያዩት ብዙ ናቸው።

ኦንላይን ከማነበው አስተያየት የትኛውን ልመን?

መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። ገና በግንባታ ላይ ሳለ ለሽያጭ የቀረበ ጨዋታ በየዝመናው ይቀየራል፤ የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈ ቅሬታ ዛሬ የሌለ ነገር ላይ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የተጫወተበትን ሰዓት እዩ፤ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሱቅ ላይ ከአስተያየቱ ጎን ተጽፎ ይገኛል። ካዝና (የጠመንጃውን የጥይት መያዣ) መቀየር እንኳ ሳይለምድ በ40 ደቂቃ ውስጥ የወጣ ሰው የሚነግራችሁ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። 300 ሰዓት የተጫወተው ደግሞ ጀማሪ የሚቸገርበትን ረስቶታል። ለእኛ የሚጠቅመው ከ10 እስከ 50 ሰዓት ድረስ የተጫወተ ሰው የጻፈው ነው።

ከዚያ ቅሬታውን ወደ ምንጩ መልሱት። «መትቼው አልሞተም» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ሚሊሰከንድ) ነው። «እጄ በረረ፣ ጠመንጃዬ ተንቀጠቀጠ» የክፍሉ ብርሃን ነው። «አስመለሰኝ» የመዞሪያ ሴቲንግ ነው። «ሰው የለም» የገባበት ሰዓት ነው። «ሄሊኮፕተሩን የሚያወርድ ነገር የለም»፣ «አንዱ ጠመንጃ ሁሉን ይበልጣል»፣ «ጎኑን በመረጥኩ ቁጥር የሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ይጥለኛል» ግን የጨዋታው ጉድለቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ዓይነቱን ነገር እየደጋገመ ከጻፈ እመኑት።

ስጫወት እጄ ካለበት ይሸሻል፣ ጠመንጃውም ይንቀጠቀጣል። ኮንትሮለሩ ተበላሽቶ ነው?

ኮንትሮለር (በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ከመቀየራችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። የሜታ ኩባንያ ሄድሴቶች የሆኑት ኩዌስት 3 እና 3ኤስ ኮንትሮለሮቻቸው ላይ በዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ሄድሴቱ ላይ ያሉት ካሜራዎች እነሱን እያዩ ነው እጃችሁ የት እንዳለ የሚያውቁት። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያው ዓይነት ጨረር በብዛት ስላለ፣ የከሰዓት በኋላ የአዳማ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ካሜራው የኮንትሮለሩን ነጥቦች መለየት ያቅተዋል። መጋረጃ መዝጋት ብቻውን ብዙ ሰው አገልግሏል።

ማታ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ካሜራው ግድግዳውን፣ የበሩን ጠርዝ፣ የአልጋውን ማዕዘን ማየት አለበት፤ ከጨለመበት ሜዳው በሙሉ ይንሸራተታል። የእኛ መብራት የሚመላለሰው በ50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ አምፖል ዓይናችን ባያየውም አብሮ ይርገበገባል። ሄድሴቱ ሴቲንግ ውስጥ፣ ትራኪንግ በሚለው ክፍል፣ የመብራቱን ፍሪኩዌንሲ የሚያስመርጥ ቦታ አለ፦ አውቶማቲክ፣ 50 ወይም 60። ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው 60 ኸርዝ ከሚጠቀም አገር ነው፤ አውቶማቲኩ ከተሳሳተ እጅ ይንቀጠቀጣል። 50 አድርጉት። ይህን አንድ ነገር ቀይረው ችግሩ የተፈታላቸው ብዙ ናቸው።

ከዚህ በኋላም ካልቆመ ትልቅ መስታወት፣ የቡፌ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ቴሌቪዥን ካለ በጨርቅ ሸፍኑ። ከዚያ ባትሪውን ቀይሩ። እያንዳንዱ ኮንትሮለር አንድ ባለ1.5 ቮልት ትንሽ የጣት ባትሪ ይወስዳል። ከሰፈር ሱቅ የሚገኘው ርካሹ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ውስጡ ቆይቶም ፈሳሽ ያወጣና ሽቦውን ይበላዋል። «አልካላይን» የሚል የተጻፈበትን ግዙ፤ ከሳምንት በላይ የማትጫወቱ ከሆነም አውጡት።

ለምን ያዞረኛል? ይለመዳል ወይስ ለእኔ አይሆንም?

ለአብዛኛው ሰው ይለመዳል፤ በጉልበት ግን አይለመድም። ዓይን «እየሮጥኩ ነው» ሲል የጆሮ ውስጠኛው ክፍል «ቆመሃል» ይላል፤ ማዞሩ የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ «ትንሽ ልታገሥ» ማለት ነገሩን ያባብሰዋል፤ አንጎል ሄድሴቱን ከሕመም ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል፣ በሚቀጥለው ቀን ገና ስታደርጉት ይጀምራችኋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ግንባር ላይ ሙቀት ወይም አፍ ውስጥ ምራቅ መብዛት እንደተሰማችሁ አውልቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ትንሽ መጫወት በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመጫወት ይሻላል።

ሴቲንግ ላይ የሚደረጉት እነዚህ ናቸው። መዞሪያውን ለስላሳ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ዘለል ዘለል የሚያደርገውን ምረጡ። ስትሮጡ የዳር እይታን የሚያጠብበውን አማራጭ ከፍ አድርጉት፤ ስትለምዱ ቀስ በቀስ ትቀንሱታላችሁ። በአንገትና በእግራችሁ መዞር በቻላችሁ ቁጥር በአውራ ጣት አትዙሩ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀትም አስተካክሉ፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ ማስመሪያ በግንባር ላይ ይዛችሁ ከአንዱ ብሌን መሃል እስከ ሌላው ብሌን መሃል ለኩ። ኩዌስት 3 በጎማ የሚዞር ማስተካከያ አለው፤ ኩዌስት 3ኤስ ግን 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር የሚሉ ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው ያሉት። ልኬታችሁ ከእነዚህ በጣም ከራቀ ዓይን መድከሙና ራስ ምታቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ፋን ካላችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡት። ሙቀቱን ከመቀነሱ ሌላ፣ ነፋሱ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ሰውነት ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ያውቃል፤ ይህም ማዞሩን ያቀለዋል። ዝንጅብል የሚረዳቸውም አሉ። ጠግቦ መጫወትም ባዶ ሆድ መጫወትም ጥሩ አይደለም።

ሄሊኮፕተር እስከ መጨረሻው ይቆይ። በተለይ ተሳፋሪ ሆኖ ከኋላ መቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ወደየት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው አብራሪው ነው። መኪና ውስጥ የሚያስመልሰው ተሳፋሪውን እንጂ ሹፌሩን እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም ያው ነው።

ፒንጌ 150 ነው። ከአዳማ ሆኖ ከዚህ ማነስ ይችላል?

ትንሽ ይችላል፤ ብዙ አይችልም። ምክንያቱን ማወቅ ከንዴት ያድናል። ከእኛ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታ መስመሩ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ደርሶ መልስ ከ10,000 ኪሎሜትር በላይ ሲሆን ብቻውን ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ለምሳሌ በጅቡቲ ወጥቶ በቀይ ባሕር ሥር፣ በሜዲትራኒያን አድርጎ ነው አውሮፓ የሚገባው። በየመሸጋገሪያውም ይቆያል። ስለዚህ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ከ50 በታች ፒንግ መመኘት ከተፈጥሮ ጋር መሟገት ነው። የጨዋታው የሰርቨር ዝርዝር ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ አማራጭ ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ፤ ሰው ከሌለበት ግን ፒንጉ ብቻውን አያጫውትም።

ከፒንጉ ቁጥር ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ረግቶ 140 ላይ የቆመ መስመር፣ አንዴ 90 አንዴ 300 ከሚል ይሻላል፤ ረግቶ የቆመውን እጅ ይለምደዋል። መዋዠቁን ደግሞ ቤት ውስጥ መቀነስ ይቻላል። ራውተሩን ሄድሴቱ ያለበት ክፍል አምጡት፤ በ5 ጊጋኸርዝ አገናኙት፣ 2.4ቱ ከጎረቤት ሁሉ ጋር የምትጋሩት መንገድ ነው። በስልክ ሆትስፖት ከሆነ የሆትስፖቱን ባንድ 5 ጊጋኸርዝ አድርጉ፣ ስልኩንም መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። በዚያው ስልክ ላይ ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ የሚያወርድበትን ሴቲንግ ዝጉ፤ ከቡድኑ አንድ ፊልም ሲለቀቅ በዚያች ሰከንድ ሜዳው ይቆማል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ እያየ ከሆነም ተነጋገሩ።

የተለያየ መስመር ያላቸው ሁለት ሲም ካርዶች ካሏችሁ በሁለቱም፣ በምትጫወቱበት ሰዓት፣ ለየብቻ ለኩ። ቪፒኤን አንዳንዴ የተሻለ መንገድ ያገኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን መንገድ ያረዝማል፤ ለክታችሁ ካልቀነሰ ዝጉት። ፓኬጅ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ከአንድ ጨዋታ በፊትና በኋላ የሆትስፖቱን ቁጥር ጻፉና ቀንሱ። ጨዋታው ራሱ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ዝመናው ነው፤ እሱን ለሌሊት ፓኬጅ አቆዩት።

በዚህ ፒንግ ምን ሆኜ ብጫወት ይሻላል?

ይህ ሊታወቅ የሚገባ ነገር ነው። ፒንግ የሚጎዳው ጥግ ይዞ የሚጠብቀውን ነው፤ ከጥግ የሚወጣው ጠላት እናንተን ካየ በኋላ ነው የእሱ ምስል ለእናንተ የሚደርሳችሁ። ስለዚህ መንቀሳቀስ ይሻላል፤ ጥግ ያዥ ከመሆን ጥግ ሰባሪ መሆን። በሩቅ የሚሮጥን ሰው የሚጠብቅ አልሞ ተኳሽም ከእኛ መስመር ጋር አይስማማም።

ሜዲክ (የወደቀ ጓደኛን የሚያነሳው) ለጀማሪ ምርጡ ነው። የወደቀ ጓደኛ አይሮጥም፣ ስለዚህ 150 ፒንግ ብዙ አይከለክላችሁም። ከስኳዱ ጋር ስለምትሄዱም ካርታውን ትማራላችሁ። ኢንጂነር ሁለተኛው ነው፤ ታንክ ትልቅና ዝግ ያለ ዒላማ ነው፣ የራስን ታንክ መጠገንም ፍጥነት አይጠይቅም። ብዙ ሰው አጥቂ ሆኖ ጀምሮ በመጀመሪያው ሰዓት 20 ጊዜ ይሞትና «ጨዋታው አይረባም» ብሎ ይጽፋል።

ካዝና ስቀይር ሁልጊዜ እሞታለሁ። ምን እያጠፋሁ ነው?

እጃችሁን እያያችሁ ነው የምትቀይሩት። ቁልፍ ተጭኖ ከሚያልቅ ጨዋታ የመጣ ሰው እዚህ አራት ሥራ ይጠብቀዋል፦ ባዶውን ካዝና በቁልፍ መጣል፣ በግራ እጅ ከወገብ ወይም ከደረት አዲሱን መያዝ፣ ከታች ማስገባት፣ ከዚያ ማቀባበል። የሚሳሳቱት ሦስተኛው ላይ ነው። ቀኝ እጅ ጠመንጃውን ወደ ታች ዝቅ ስለሚያደርግ ሁለቱ እጆች ሆድ አጠገብ ይጋጫሉ፤ ኮንትሮለር ከኮንትሮለር ይላተማል፣ ካሜራውም ሁለቱን ከአገጭ በታች ስለማያያቸው ካዝናው ከእጅ ያመልጣል። ጠመንጃውን ደረት ድረስ ከፍ አድርጉት፣ አፈሙዙን ትንሽ ወደ ላይና ወደ ግራ አዘንብሉት፤ የካዝናው ማስገቢያ ያኔ ወደ ግራ እጃችሁ ይመጣል።

ጥይት ጨርሶ ሳያልቅ መቀየርም ልመዱ። በብዙዎቹ ጨዋታዎች አንድ ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ከቀረ ማቀባበል አያስፈልግም፤ አራተኛው ሥራ ይቀራል። በተኩስ ሜዳው ለ15 ደቂቃ፣ ዓይንን ዒላማው ላይ ተክሎ 50 ጊዜ መቀየር በቂ ነው፤ ሰው የሚሰለቸው ይህን ትቶ በቀጥታ ወደ ጦርነቱ ስለሚገባ ነው።

ማነጣጠር ላይ ደግሞ የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ እወቁ። ሁለቱን መዳፎች ዘርግታችሁ በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፣ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር እዩ፣ ከዚያ አንድ ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ከጠፋ የጨፈናችሁት መሪው ነው። ቀኝ እጅ የሚጠቀም ሰው መሪ ዓይኑ ግራ ከሆነ ሰደፉን ቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ በግራ ዓይኑ ለማየት አንገቱን ያጣምማል፤ ግራ እጅን መልመድ ወይም ግራውን ዓይን መጨፈን ይኖርበታል።

ክፍሌ ጠባብ ነው። ስንት በስንት ያስፈልጋል?

ለመራመድ 2 ሜትር በ2 ሜትር ይመከራል። እነዚህ ጨዋታዎች የሚሮጡት በአውራ ጣት ስለሆነ ቆሞ ለመጫወት ክንድ ተዘርግቶ ሲዞር ምንም የማይነካበት ቦታም ይበቃል። ቁመቱን ግን አትርሱ፤ ቦምብ ሲወረወር እጅ ከጭንቅላት በላይ ይወጣል፣ የተንጠለጠለ አምፖል የሚሰበረውም ያኔ ነው። የኮንትሮለሩን ማሰሪያ የእጅ አንጓ ላይ አጥብቁ።

ጥሩ ዘዴ አለ፦ መሃሉ ላይ ትንሽ ምንጣፍ አንጥፋችሁ በካልሲ ቁሙ። እግር ከምንጣፉ ጠርዝ ሲወጣ ዓይን ሳያይ ሰውነት ያውቀዋል፤ ሳይታወቅ ወደ ቴሌቪዥኑ መንሸራተት ይቀራል።

የአዳማ አቧራና ፀሐይ ሌንሱን ያበላሸዋል?

ሁለቱም ያበላሹታል፤ ፀሐይ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሌንሱ እንደ አጉሊ መነጽር ጨረሩን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ስክሪን ያቃጥለዋል፤ የማይጠፋ ነጠብጣብ ወይም መስመር ይቀራል። ሄድሴቱ ሌንሱ ወደ መስኮት ዞሮ አይቀመጥ፣ በረንዳ ላይ አይወጣ፣ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ አይቀር።

ከተማው ነፋሻ ነው፣ ተራራው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንዲሁ አልተተከሉም፤ በበጋ አቧራው በተዘጋ በርም ይገባል። ሌንሱ ፕላስቲክ ነው፤ አቧራው ላዩ ላይ እያለ በጨርቅ ከታሸ ይቧጨራል። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፓምፕ አቧራውን ንፉት፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ከዚያ በደረቅና ንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉት። አልኮልና ሶፍት ሌንስ ላይ አይደረግም።

ጌም ዞን ውስጥ በሰዓት ለሚያከራዩ፦ የፊቱ ስፖንጅ ላብ ይጠጣል፤ ሊወልቅና ሊጠረግ የሚችል የሲሊከን ሽፋን ግዙ፣ በእያንዳንዱ ደንበኛ መካከል ጥረጉት። ዓይኑ የቀላና የሚያፈስ ሰው አያድርገው፤ ገቢው ቢቀር ይቅር። የዓይን በሽታ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይተላለፋል።

መብራት ሲጠፋስ?

ኩዌስት 3 በአማካይ 2.2 ሰዓት፣ 3ኤስ 2.5 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሄድሴቱ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባለ12 ቮልት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከዚህ ይገላግላል። ራውተራችሁ 12 ቮልት የሚጠቀም መሆኑን ከታቹ አንብቡ።

ለሄድሴቱ ቢያንስ 18 ዋት የሚሰጥ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል፤ ደካማ ፓወር ባንክ የባትሪውን መውረድ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። 10,000 ሚሊአምፒር የሚለው 37 ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ የኩዌስት 3 ባትሪ 19 ገደማ፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ አንድ ተኩል ጊዜ ይሞላዋል። አንድ ጥንቃቄ፦ 3ኤስ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስለሌለው ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ ወይ ቻርጅ ወይ ባለገመድ ኢርፎን። ብሉቱዝ ድምፅ ይዘገያል፤ የእግር ኮቴ ሰምቶ ለሚዞር ሰው አይመችም።

የትኛውን ሄድሴት ልግዛ? ያገለገለስ?

ኩዌስት 3 ምስሉ ጥርት ይላል፤ ሩቅ ያለ ጠላት ነጥብ ሆኖ የሚታይበት ትልቅ ሜዳ ላይ ልዩነቱ ይታያል። 3ኤስ ያው ፕሮሰሰር ስላለው የጨዋታው ፍጥነት አይለያይም፤ በጀት ለሚያሳስበው እሱ ይበቃል። ኩዌስት 2 የሚገዛው የምትፈልጉት ጨዋታ ገጽ ላይ ስሙ ተጽፎ ካያችሁ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ኩዌስት በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ድጋፉ ቆሟል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ከአካውንቱ ያውጣውና ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ ይመልሰው፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የራሳችሁ አካውንት ሳይገባበት ገንዘብ አይሰጥ። ነጭ ገጽ ክፈቱና የፀሐይ ቃጠሎ ነጠብጣብ ፈልጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሁለቱንም ለየብቻ። የኮንትሮለሩን ዱላ ሳትነኩ ሜኑው ብቻውን ከሄደ ዱላው አልቋል።

ክፍያውስ? ካልወደድኩትስ?

በብር የሚሠራ ካርድ በውጭ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። የሜታ ሱቅም ስቲምም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓቶች በዕቅድ ተጠቀሙባቸው፦ 20 ደቂቃ ልምምድ፣ ከዚያ ጨዋታው በሚሞላበት ሰዓት ሦስት ዙር። ሰርቨር ባዶ በሆነበት ጠዋት ሁለቱን ሰዓት ጨርሶ ከዚያ መጸጸት የተለመደ ነው።

ጨዋታው የሚሞላው መቼ ነው?

በክረምታቸው፣ በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ማታ 8 (20:00) ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ከምሽቱ 3። የአሜሪካ ምሥራቅ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚገቡት እኛ ጋ ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 እስከ 6 ባለው ጊዜ ሰውም አለ፣ ሰርቨሩም የአውሮፓው ስለሆነ ፒንጉ ይቀላል። አንዳንድ ጨዋታ ሰው ሲጎድል በቦት (ኮምፒውተሩ በሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ይሞላል፤ በቦት መለማመድ ነውር የለውም፣ ግን በእሱ ጨዋታውን አትመዝኑ።

ልጄ ይጫወት?

ሜታ ከ10 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ከ10 እስከ 12 በወላጅ የሚተዳደር አካውንት ብቻ። የተኩስ ጨዋታዎች የራሳቸው የዕድሜ ገደብ ከዚያ ከፍ ሊል ስለሚችል ገጹ ላይ እዩ። ከጥይቱ በላይ የሚያሳስበው ድምፁ ነው፤ ማይክ ክፍት ነው፣ የማያውቁት ትልቅ ሰው በቀጥታ ያናግራቸዋል። ለልጅ ከስኳዱ ውጭ ያለውን ድምፅ ዝጉ።

በአማርኛ ስኳድ መሥራት ይጠቅማል?

በጣም። ብዙዎቹ ጥሩ አስተያየት የሚሰጡት ከጓደኛ ጋር የተጫወቱት ናቸው፤ ብቻውን የገባ ሰው ማንም ሳያነሳው ይሞታል። አራት ሰው ሆናችሁ ከገባችሁ ፓርቲ (የጋራ የድምፅ ቡድን) አድርጉና ጥሪውን አሳጥሩ። ቅደም ተከተሉ አቅጣጫ፣ ቦታ፣ ብዛት ይሁን፦ «ሰሜን፣ ጣሪያ ላይ፣ ሁለት»። «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» ማንንም አይረዳም፤ እናንተ በእጃችሁ ስትጠቁሙ ጓደኛችሁ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። «ግራ» እና «ቀኝ»ም አደገኛ ናቸው፣ የእናንተ ግራ ፊቱን ወደ እናንተ ላዞረው ጓደኛ ቀኙ ነውና፤ ከላይ ያለውን ኮምፓስ አንብቡ። የወደቀ ሰው የወደቀበትን ቦታ አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ይበል፤ ሜዲኩ የጠላትን ኮቴ መስማት አለበት።